ማዕቀቡ የዜጎችን ኢንተርኔት እንዳይዘጋ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዓለም አቀፍ ማዕቀቦች ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው በባንክና በንግድ ላይ ነው። በኢንተርኔት ነፃነት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሊዘለል አይገባውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የአሜሪካ ድረ ገጽ ጊትሐብ በአሜሪካ ማዕቀብ ሳቢያ በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎቹን ገደበ። ብዙዎች ራሳቸው የጻፉትን ኮድ ከግል ማከማቻቸው ማውጣት ተሳናቸው። ለኢራናውያን ሙሉ አገልግሎት የተመለሰው ኩባንያው የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ በጥር 2021 ነው። እዚህ ሐዋሳም ሶፍትዌር የሚማሩ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት በዚያው በጊትሐብ ስለሆነ ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ኩባንያዎች ቅጣት ስለሚፈሩ ሕጉ ያልከለከለውንም ጭምር መዝጋታቸው ነው። በዚህ የሚጠቀመው ደግሞ የማዕቀቡ ዒላማ የሆነው መንግሥት ነው። የኢራን መንግሥት ዜጎቹን ወደሚቆጣጠረው የአገር ውስጥ ኔትወርክ ሲገፋ፣ የውጭ ኩባንያዎች በራቸውን ዘግተው ያግዙታል። ሳንሱርን ለማለፍ ቪፒኤን (የታገዱ ድረ ገጾችን ለመክፈት የሚያስችል አገልግሎት) ልግዛ የሚል ሰውም በማዕቀቡ ሳቢያ የሚከፍልበት ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጥላ፣ የግል መገናኛ መሣሪያዎችንና ሶፍትዌሮችን በሰፊው የፈቀደችው በ2015 ነው። ይህን ያህል መዘግየት አያስፈልግም። ማዕቀብ የሚጥሉ መንግሥታት የመገናኛ አገልግሎቶችን ነፃ የሚያደርገውን ፈቃድ ከማዕቀቡ ጋር በአንድ ቀን ያውጡ። ኩባንያዎችም አካውንት ከመዝጋታቸው በፊት ምክንያቱን ይግለጹ፤ ተጠቃሚው መረጃውን የሚያወጣበት ቢያንስ 30 ቀን ይስጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ