ፈሳሽ ፍግ በቆመ ሰብል ላይ፦ ለግብርና ሚኒስትሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

የምጽፍልዎ ስለ ፈሳሽ ፍግና ከባዮጋዝ ማብላያ፣ ማለትም ፍግ ያለ አየር ተብላልቶ የሚነድ ጋዝ ከሚሰጥበት ዝግ ጋን፣ ስለሚወጣው ዝቃጭ ነው። ለስብሰባ አዳራሽ የሚመች ርእስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሽታውም ስሙም አያምርም። ሆኖም ስለ ማዳበሪያ በሚዘጋጁ መመሪያዎችና የሥልጠና ጽሑፎች ደጋግሜ የማገኘው አንድ አጻጻፍ አለ። ብስባሹ፣ ፈሳሹ ፍግና የማብላያው ዝቃጭ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ» በሚል ስም በአንድ አንቀጽ ይታጨቃሉ፤ ቀጥሎም «ከዘር በፊት በማሳው ላይ ይበተን» የሚል አንድ ምክር ለሦስቱም ይሰጣል። ምክሩ ለብስባሽ ይሠራል። ለፈሳሹ ግን በአብዛኛው ብክነት ነው። የምጠይቅዎ ፈሳሹ ከብስባሹ ተለይቶ፣ ሰብሉ በቅሎ በሚያድግበት ጊዜ የሚሰጥ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሆኖ እንዲደነገግ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከማብላያው ውስጥ ነው። አየር በሌለበት የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦኑን ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያደረጉ ያወጡታል። ናይትሮጅኑ ግን የገባውን ያህል በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚለወጠው መልኩ ነው። በፕሮቲን ውስጥ ታስሮ የነበረው ተፈትቶ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ደግሞ የሰብል ሥር ሳይጠብቅ የሚወስደው ምግብ ነው። በዝቃጩ ውስጥ ከጠቅላላው ናይትሮጅን ከግማሽ የሚበልጠው በአሞኒየም መልክ መገኘቱ የተለመደ ነው። «ጋዙ ከወጣለት ምን ጉልበት ይቀረዋል?» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ለሰብሉ የሚፈለገው ጉልበት እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ለሥር ቀርቧል።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። በማብላላቱ ሂደት የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) ወደ 8 አካባቢ ከፍ ይላል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒየም ወደሚተን ጋዝ፣ ወደ አሞኒያ፣ ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ከዚህ ናይትሮጅን በአሞኒያ ጋዝ መልክ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፤ ፒኤች 8 ላይ ግን አምስት እጅ ገደማ ይደርሳል። አምስት እጅ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ነፋሱ ያንን ሲወስድ ከቀረው አሞኒየም ሌላው እየተለወጠ ይተካል፤ በፀሐይና በነፋስ ፊት የተዘረጋ ፈሳሽ በዚህ መንገድ ሲተን ይውላል። ከሚጠፋው አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ጠዋት የተረጨ ፈሳሽ «ነገ እንገለብጠዋለን» ከተባለ ነገ የሚገለበጠው ከአሞኒየሙ ብዙውን ያጣ ፈሳሽ ነው።

የነገሩን ክብደት በቁጥር ላሳይ። በአንድ ሜትር ኩብ ዝቃጭ ውስጥ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ፣ ከዚህም 2.5 ኪሎው አሞኒየም ነው እንበል። በሄክታር 30 ሜትር ኩብ ቢሰጥ መሬቱን የሚሸፍነው በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው፤ ይዞት የሚመጣው ግን 75 ኪሎ ወዲያውኑ የሚሠራ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን በመሆኑ ይህ ከ160 ኪሎ ዩሪያ በላይ ማለት ነው። ግማሹ ከተነነ 80 ኪሎ ያህል ዩሪያ ወደ ሰማይ ተበተነ። ማንም ገበሬ የዩሪያ ከረጢት ቀድዶ ለነፋስ አይሰጥም፤ ፈሳሹን ግን ሲሰጥ የሚከለክለው የለም፣ ምክንያቱም በመመሪያው ላይ ያለው መጠሪያ ማዳበሪያነቱን እንጂ መጠኑን አይነግረውም።

እንግዲህ መቼና የት? ባዶ መሬት ላይ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለ፤ ወዲያውኑ አርሶ አፈር ማልበስ ይቻላል። ይህንን ጥቅም አልክድም፤ በሰዓታት ውስጥ ለሚገለብጥ ሰው ከዘር በፊት መስጠትም ተገቢ ነው። ግን ሥር የሌለበት መሬት ናይትሮጅኑን የሚቀበል ሰብል የለውም። አሞኒየሙ በሳምንታት ውስጥ ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሬት ደግሞ በአፈር ላይ ስለማይያዝ ቀጣዩ ከባድ ዝናብ አጥቦ ወደ ውኃ ጉድጓድና ወደ ወንዝ ያወርደዋል። የቆመ ሰብል ግን ሥሩን ዘርግቶ፣ ተርቦ የሚጠብቅ ነው። ስንዴና ገብስ ከአንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ ማውጣት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ አገዳ እስከሚይዙበት ድረስ ያለው ወቅት ናይትሮጅን በብዛት የሚፈልጉበት ነው። በበቆሎ ማሳ ላይም ተክሉ ከፍ ከማለቱ በፊት በመስመሮቹ መካከል ማፍሰስ ይቻላል። ቅጠሉ ራሱም ያግዛል፤ ጥላ ይሰጣል፣ ከመሬቱ አጠገብ ያለውን ነፋስ ያደክማል፣ ከሚነሣው አሞኒያም ጥቂቱን መልሶ ይወስዳል። ካዘረዘረ በኋላ ግን ይብቃ፤ ያኔ ሰብሉ ላይ ጉዳት እንጂ ምርት አይጨመርበትም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፈሳሹ ከቅጠሉ ሥር ከወረደ ነው። በቦቴው ጀርባ ሰሌዳ ላይ እየመታ ወደ ላይ የሚረጨው አሮጌ መሣሪያ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ፈሳሹን በጥቃቅን ጠብታ በአየር ላይ ይበትነዋል፣ ቅጠሉን ያለብሳል፣ ያቃጥላል፣ ሽታውንም ለመንደሩ ሁሉ ያከፋፍላል። ከመሬት ጋር እየተጎተቱ በቀጭን መስመር የሚያፈሱ ቱቦዎች የአሞኒያውን ብክነት በሲሶ ገደማ ሊቀንሱት ይችላሉ። ቅጠሉን ገልጦ አፈር ላይ የሚያሳርፍ ጫማ መሰል ጫፍ ያላቸው ደግሞ ከዚያ የተሻሉ ናቸው። ሌሎች ይህንን ከምክር አልፈው ሕግ አድርገውታል። ዴንማርክ ፈሳሽ ፍግን ወደ ላይ መርጨትን እ.ኤ.አ. በ2003 አግዳለች። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ ሰብል ባለበት የእርሻ መሬት ላይ ፈሳሽ ፍግና ዝቃጭ በመስመር እንዲፈስ ወይም አፈር ውስጥ እንዲገባ አስገድዳለች። ውድ መሣሪያ የሌለው ገበሬም ቢሆን በባልዲ ወይም በጎማ ቱቦ ከግንዱ ሥር ማፍሰስን ከአየር ላይ መርጨት የሚለየው ምን እንደሆነ ከተነገረው፣ መርሁን ያለ ማሽንም ይፈጽመዋል።

ክብደቱም ይታሰብበት። የሞላ ቦቴ በእርጥብ ማሳ ላይ ከተነዳ የሚጠቀጥቀው አፈር ለዓመታት ምርት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በየማሳው የሚነዳ ቦቴ ሳይሆን ከማሳው ዳር በሚጎተት ረጅም ቱቦ መስጠት በተቻለ ቦታ ሁሉ ይበረታታ።

መጠኑን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት የናይትሬት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ ለብክለት ተጋላጭ በሆኑ አካባቢዎች ከእንስሳት ፍግ የሚሰጠውን ናይትሮጅን በዓመት በሄክታር 170 ኪሎ ግራም ላይ ገድቧል። ይህ ጣሪያ ነው፤ ሰብሉ የሚፈልገው መጠን አይደለም። ቁጥሩን በቀጥታ ገልብጦ ወደ ሌላ አገር መመሪያ ማስገባት ስንፍና ይሆናል። የሚያስፈልገው ገበሬው የራሱን ፈሳሽ የሚያስመረምርበት ላቦራቶሪ ነው። ናሙናውም ማጠራቀሚያው በደንብ ተማስሎ መወሰድ አለበት፤ ፎስፎረሱን የያዘው ደቃቅ ከሥር ስለሚዘቅጥ ከላይ የተቀዳ ናሙና ስለ ፎስፎረሱ ይዋሻል። እዚህ ላይ ለሥልጠና አዘጋጆቹ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ማማሰል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያስለቅቃል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲበዛ ማሽተትን ያደነዝዛል፣ በዝግ ቦታ ሰው በደቂቃዎች ይገድላል። በዝግ ቤት ውስጥ ማማሰል መከልከል፣ ወደ ጉድጓዱም ማንም እንዳይገባ መጻፍ አለበት።

በማብላያ የተለመደው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ሙቀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ሁሉ አያጠፋም። ስለዚህ የምለው ሁሉ ተወቅቶና በስሎ ለሚበላ እህል ነው። ጥሬ በሚበሉ አትክልቶች ላይ ጨርሶ አይፈስስ። የምግብ ትራፊ የሚቀበሉ ማብላያዎች ደግሞ ፕላስቲክ ለይተው እንዲያወጡ ይገደዱ፤ አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ የገባ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ለቅሞ አይጨረስም።

አሁን ደንብ ሲጻፍ በብዛት የሚዘለለውን ላንሣ፤ ማጠራቀሚያውን። «ሰብሉ ሲርበው፣ በቀዝቃዛና ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ ከከባድ ዝናብ ርቀህ ስጥ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ጉድጓዱ የሞላበት ገበሬ ግን የሚሰጠው ሰብሉ ሲፈልግ ሳይሆን ጉድጓዱ ሊፈስስ ሲል ነው፤ ቅጣት ቢደነገግበትም ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሌላ ማድረጊያ የለውም። የመስጫ ወቅት ለመወሰን የሚፈልግ መንግሥት ያ ወቅት እስኪደርስ የሚያቆይ፣ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ እንዲኖር አስቀድሞ ማገዝ አለበት። ክዳኑ ለጌጥ አይደለም፤ በማሳው ላይ ያዳንነው አሞኒያ በክፍት ጉድጓድ ላይ ሊተን ይችላል። ለማብላያ ግንባታ ብድርና ድጎማ ሲታሰብ የማጠራቀሚያው ወጪ በዚያው ውል ውስጥ ይግባ። ማጠራቀሚያ የሌለው ማብላያ ግንባታው እንዳለቀ እንዳይቆጠር፣ ርክክብም እንዳይደረግበት እጠይቃለሁ።

መመሪያውን ለማሻሻል ጊዜ እንደሚወስድ ይገባኛል። ላቦራቶሪውም መሣሪያውም በአንድ የበጀት ዓመት አይደርሱም። የርክክቡ ቅድመ ሁኔታ ግን አንድ ደብዳቤ የሚፈልግ ነውና ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአፈር ለምነት ባለሙያ