ባልትናው እና ቤተ ሙከራው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በተማርኩበት ትምህርት ቤት የባልትና ክፍሉና ቤተ ሙከራው ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ሌላውን ግን አያውቀውም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

እርሾ እኮ ባዮሎጂ ነው። ሊጡ ኩፍ የሚለው ረቂቅ ተሕዋስያን በሚፈጥሩት ጋዝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሽምብራው አልበስል ብሎ የሚያስቸግረን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው! ይህን የነገረኝ አስተማሪ የለም፤ ካደግሁ በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድስ? ተማሪዎች ሙቀቱ የት የት እንደሚባክን ለክተው የተሻለ ምጣድ ቢነድፉ፣ ያ ምህንድስና ነው።

በአሜሪካ የሆም ኢኮኖሚክስን (የእኛን ባልትና የመሰለውን የቤት አያያዝ) ትምህርት ከመሠረቱት ዋነኛዋ ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ ኬሚስት ነበሩ። በ1873 እ.ኤ.አ. ከታዋቂው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኤም.አይ.ቲ. የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። ሙያው ከጅምሩ ከሳይንስ ጋር ነው የተወለደው።

እባካችሁ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ቴርሞሜትርና ሚዛን አስይዛችሁ ማድ ቤት አስገቧቸው። መጀመሪያ ሊጡን ይለኩ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ