ስለ ስኪ ርዝመት የወጣው ምክር ይታረም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ወር በስፖርት ገጻችሁ ስለ ክረምት ስፖርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር ሆነን አነበብነው። ልጆቻችን ክረምቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ከሚውሉ ከወላጆቻቸው ጋር ተራራ ይውጡ ማለታችሁ ደስ አሰኝቶናል። በመካከሉ ግን ስለ ስኪ፣ በረዶ ላይ ለመንሸራተት እግር ላይ ስለሚታሰረው ረጅም ሳንቃ፣ አንድ ምክር አለ፤ ስኪ ስትገዙ ከቁመታችሁ የሚበልጠውን ምረጡ፣ ለልጆችም እንዲያድጉበት ረዘም ያለውን ውሰዱ ይላል። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። እኔ ራሴ ተጎድቼበታለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ ነው። ሥራዬ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ እንግዶችን ወደ ብሬክንሪጅና ወደ ኪስቶን የስኪ ተራራዎች የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነው። ካለፉት አራት ክረምቶች ወዲህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ማታ በአንድ የስኪ ማከራያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ እሠራለሁ፤ ጠርዝ እስላለሁ፣ ሰም እቀባለሁ፣ ለደንበኛ የሚስማማውን ስኪ እመርጣለሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብሬክንሪጅ የሚገኝበት ከፍታ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም፤ አንዱ ከ2,800 ሜትር፣ ሌላው ከ2,900 ሜትር ትንሽ ያልፋል። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን አብረውኝ የነበሩት የከተማ ሰዎች ትንፋሽ ሲያጥራቸው እኔ አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ይህን የምጽፈው ተራራው የእኛም ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የመጀመሪያ ስኪዬን የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2017 ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ቦታ ነበር። ቁመቴ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ በጊዜው 66 ኪሎ ነው። ስኪው 184 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወገቡ (መሐሉ) ላይ ደግሞ 108 ሚሊ ሜትር ወርድ አለው። ሻጩ «ለአዋቂ ወንድ ልክ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ አይጥልህም» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ቀን እንደምንም ወረድሁበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌሊቱን የጠጠረው በረዶ ገና አልላላም ነበር። ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ስኪው ጠርዙ ላይ አልቆም አለኝ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፈራሁና ወደ ኋላ ተደገፍኩ፤ ያን ጊዜ ፊቱ ጭራሽ አልታዘዝ አለ። ስወድቅ ቀኝ ጉልበቴ ተጠመዘዘ፤ ጫማን ከስኪው ጋር የሚያያዘውና ሰው ሲወድቅ መልቀቅ ያለበት ማሰሪያ ግን ጫማዬን አልለቀቀም። ለቀድሞው ባለቤት፣ ከእኔ በብዙ ለሚከብድ ሰው፣ እንደተስተካከለ ነበር የሸጡልኝ። ስድስት ሳምንት የነዳጅ ፔዳል መርገጥ አልቻልኩም። የቤት ኪራዩን ባለቤቴ ትርፍ ሰዓት እየሠራች ከፈለች።

ከዚያ በኋላ ነው ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የተነሣሁት። የገባኝም በአባቴ መኪና ምሳሌ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አይሱዙ ይነዳ ነበር። አይሱዙ ባዶውን ሲሄድ ወገብ ይሰብራል፤ ገብስ ሲጫንበት ባሌስትራው ይተኛና ጉዞው ይለሰልሳል። ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ጭነቱን ካላገኘ ሥራውን አይሠራም። ስኪም እንዲሁ ባሌስትራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት መሐሉ ከፍ ብሎ እንደ ቀስት ይቆማል፤ ሰው ሲቆምበት ይተኛል፤ ሰውየው ጠርዙ ላይ ዘንበል ብሎ ሲጫነው ደግሞ ወደ ታች ይጎብጣል። ጫፉና ጅራቱ ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ ሆኖ የተቆረጠውም ሲጎብጥ ቅስት መንገድ እንዲይዝ ነው። የሚያዞረን ያ ጉብጠት ነው። ለከባድና ለፈጣን ሰው የተሠራ ረጅም ስኪ ላይ 66 ኪሎ ጀማሪ ሲቆም ባዶ አይሱዙ ሆነ ማለት ነው፤ አይጎብጥም፣ ስለዚህ አይዞርም።

በዚህ ምክንያት ደንበኛ ሲመጣ ከቁመቱ በፊት ኪሎውን እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደወጣና ምን ያህል ፍጥነት እንደሚወድ እጠይቃለሁ። ቁመት የሚያገለግለው ዳርና ዳር ለመከለል ነው፤ ስኪውን ፊት ለፊት ሲያቆሙት ጫፉ ከአገጭ እስከ አናት ባለው መካከል ያርፋል። ጀማሪና ቀላል ሰው ወደ አገጩ፣ የለመደና ከበድ ያለ ሰው ወደ አናቱ ይጠጋል። ሁለት ወንድማማቾች ሁለቱም 175 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑና አንዱ 62 ኪሎ ጀማሪ፣ ሌላው 90 ኪሎ ሆኖ ለዓመታት የተንሸራተተ ቢሆን፣ ለመጀመሪያው 160 አካባቢ፣ ለሁለተኛው 175 ወይም ትንሽ የሚያልፍ እሰጣለሁ። እኔ ራሴ ዛሬ የምይዘው 168 ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአሁኑ ዘመን ብዙ ስኪዎች ጫፋቸው፣ አንዳንዶቹም ጅራታቸው፣ ቀደም ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። እንዲህ ያለው ስኪ በረዶውን የሚነካው በአጭር ክፍሉ ስለሆነ ከቁጥሩ ይልቅ አጭር ሆኖ ይሰማል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ረዘም ያለውን መውሰድ አይጎዳም። ለማወቅ ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ አጋጥማችሁ ከጎን ተመልከቱ። ከየት ጀምሮ እንደሚለያዩ በዓይን ይታያል። ሱቅ ውስጥ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያገራችን ሰው የለም፤ ማንም አይከለክልም፤ አድርጉት።

«ከቁመት የሚበልጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ፣ ስኪ ቀጥ ያለ በነበረበት ዘመን፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ጫፉ አንጓ ድረስ የሚደርሰውን መምረጥ የታወቀ መለኪያ ነበር፤ ወንዶች ሁለት ሜትር የሚደርስ ስኪ ይይዙ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወገቡ የጠበበው ቅርጽ ሲስፋፋ ያ መለኪያ አበቃ። እነዚያ አሮጌ ረጃጅም ስኪዎች ግን ዛሬም ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ በርካሽ ይገኛሉ፤ ዋጋ የሚያጓጓው ደግሞ አዲስ መጤውን ነው። ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን ስኪ የሚባለውን ነገር ልብ ብለን ያየነው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ በተወዳደረ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪያችንን በኩራት ነው የማስታውሰው። የእርሱ ውድድር ግን በሜዳና በዳገት የሚሮጥበት አገር አቋራጭ ነው። የዚያ ስኪ ወርድ አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ርዝመቱም በርግጥ ከሰውየው ቁመት ይበልጣል። ተራራ ለመውረድ የምንገዛው ሌላ ዕቃ ነው።

ወደ ወርዱ ልምጣ፤ ጽሑፋችሁ ስለ እርሱ አንድም ቃል አላለም። ስኪው ላይ 127-86-108 የሚመስሉ ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የጫፉ፣ የወገቡና የጅራቱ ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ሰው ሲያወራ የሚጠቅሰው መካከለኛውን፣ የወገቡን ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ያስቸግረናል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም በረዶ እንላለን። በደብረ ብርሃን ጠዋት ሣሩ ላይ የምናገኘውን ውርጭ ለይተን ስለምናውቀው የራሱ ስም አለው። ለስኪ ገዢ ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ ወርድን የሚወስነው የምትሄዱበት በረዶ ዓይነት ነውና። የግመል ኮቴ ሰፊ ስለሆነ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል፤ የአህያ ኮቴ ይሰጥማል። አዲስ የወረደ ጥልቅ በረዶ ላይም ሰፊው ስኪ ይንሳፈፋል፣ ጠባቡ ይሰምጣል። በማሽን በተደለደለና በጠጠረ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆማችሁ በአንድ ጎኑ ለማቆም ሞክሩ፤ ጠርዙ ከእግራችሁ መሐል በራቀ ቁጥር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚሸከሙት ይጨምራል። የእኔን ጉልበት ካጠፉት ነገሮች አንዱ በጠጠረ መንገድ ላይ 108 መያዜ ነው።

«ኦል ማውንቴን» እየተባለ የሚሸጠው፣ በተደለደለውም ባልተደለደለውም ቦታ እንዲሠራ የታሰበው ስኪ፣ ከ80 ትንሽ አለፍ ከሚለው እስከ 105 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስያሜው አንድ ይሁን እንጂ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ሲላችሁ ለየትኛው ይበልጥ እንደሚሆን ጠይቁት። ኮሎራዶ ደረቅና ቀላል በረዶ አለን፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንወጣው የዕረፍት ቀናችን በገጠመ ጊዜ እንጂ በረዶ በወረደ ማግሥት አይደለም። ወደ ተራራዎቹ በሚያሻግረው በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል በሳምንት አራትና አምስት ቀን ስለማልፍ አውቀዋለሁ፤ ከዋሻው ማዶ ጥቅጥቅ ያለ በረዶ ሲወርድ ማየት አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ቀን ከሥራ ነጻ መሆን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለራሴ 86 መረጥሁ፤ ለጀማሪ ወገኖቼም ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ እንዲቆዩ እነግራለሁ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያላችሁ፣ የምትሄዱበት ተራራ ዝቅተኛና ብዙ ጊዜ በማሽን በተሠራ በረዶ የሚሸፈን ስለሆነ፣ ከዚያም ጠበብ ብትሉ አይቆጫችሁም። በሲያትል ያላችሁ ደግሞ እርጥብና ከባድ በረዶ ነው የሚገጥማችሁ፤ ችሎታው ካላችሁ ሰፋ ያለው ያግዛችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። እኛ በልካችን በተሰፋ ልብስ አላደግንም፤ ሰፍቶን በተሰፋ ልብስ ውስጥ ነው ያደግነው። እናቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለሁለት ዓመት እንዲሆን እጅጌውን አጥፋ ትሰፋው ነበር፤ ብልህነት ነበር፣ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው ሱቅ መጡ። 150 ሴንቲ ሜትር ስኪ ገዝተውለት ማሰሪያውን እንዳስተካክል ነበር። ልጁ አጠገቡ ሲቆም ስኪው ከአናቱ አንድ ስንዝር ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

«ጋሼ፣ ይህ ለእርሱ አይሆንም» አልኳቸው።

«በሚቀጥለው ዓመት ይደርስበታል፤ ገንዘብ ከየት ይመጣል ወንድሜ?» አሉኝ።

ልጁን ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 27 ኪሎ። ማሰሪያው ጫማውን የሚለቅበት ኃይል በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በጫማው ሶል ርዝመት ተሰልቶ እንደሚስተካከል አሳየኋቸው። የራሴንም ጉልበት ነገርኳቸው። ከዚያ ለልጆች ለክረምቱ ሙሉ የሚከራይ ስኪ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ልጁ በጥር ቢረዝም ይቀየርለታል። ስኪውን መልሰው አገጩ ላይ የሚደርሰውን ተከራዩለት። የእኔ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ 138 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ የምትይዘው 125 አፍንጫዋ ሥር ይደርሳል። ልጅ የሚማረው የሚታዘዝለትን ዕቃ ሲያገኝ ነው። የማይታዘዝለትን ከሰጡት በሁለተኛው ቀን አልወጣም ይላል፤ ወላጁም «ለእኛ ልጆች አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ይህን አባባል ስሰማ ልቤ ይቆስላል።

ያገለገሉ ዕቃዎች ሽያጭ እዚህ በጥቅምትና በኅዳር ይደራል። ማረሚያውን ከዚያ በፊት፣ ያው ጽሑፍ በወጣበት የስፖርት ገጽ ላይ፣ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ የእኔን ታሪክ ቁረጡት፤ የልጆቹን ክፍልና ኪሎን ከቁመት በፊት ጠይቁ የሚለውን ግን አትተዉብኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ