የሰገሌ ፈረሰኛስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሰንዳፋ ነው። የወሎና የሸዋ ጦር እዚሁ አቅራቢያችን ስለተዋጋበት ስለ ሰገሌ ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። የልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ፣ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ከወሎ መዝመት፣ የሸዋው የጦር መሪ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብልሃት፣ ሁሉም አለበት። ተራው ፈረሰኛ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ይሄ ቅር አሰኝቶኛል።

የእናቴ አያት ከወሎ ጦር ጋር የመጣ ፈረሰኛ ነበር። የአባቴ አያት ደግሞ በሸዋ በኩል ተሰልፏል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሁለቱም እዚያ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እኔ የሁለቱም ልጅ ነኝ።

እማማ (አያቴን ነው) ከአባቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ፈረሰኛው ስንቁን፣ በሶውንም ዳቦ ቆሎውንም፣ ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። እርካቡ ጠባብ ነው፤ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ ይጋልባል፣ በዚያች ጣት ላይ ተደግፎ ጋሻና ጦር ይዞ ፈረሱን ያዞራል፣ ይህንንም የተማረው ከልጅነቱ ጀምሮ ጉግስ ሲጫወት ነው። ማታ ሲሰፍሩ መጀመሪያ የሚበላው ፈረሱ ነው። የጥቅምትን ብርድ እኛ እዚህ እናውቀዋለን፤ ጋቢውን ለፈረሱ አልብሶ እሱ እሳት ዳር ተኮራምቶ ያደረባቸው ሌሊቶች እንደነበሩ ትናገር ነበር። ለፈረሱ ገብስ ሲያጣ ደግሞ ከሰው ማሳ ያጭዳል። ያ ገብስ የአንድ ገበሬ የዓመት ቀለብ ነው፣ እሱም ራሱ ገበሬ ስለሆነ ያውቀዋል፣ እስኪሞት ድረስ ሲጸጽተው የኖረውም ይሄው ነበር።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። ለእሱ ግን ፈረሱ ጓዱ ነበር። መትረየስና መድፍ ባለበት ሜዳ አብረው ገቡ፤ ፈረሱ እዚያው ቀረ። ንጉሥ ሚካኤል ሲማረኩ የወሎ ጦር ተበተነ። ቆስሎ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛውን ቅድመ አያቴን አንስቶ ቤቱ ያስገባው የሸዋ ገበሬ ነው፤ ትናንት ገብሱ የታጨደበት ገበሬ ሊሆንም ይችላል። እኛ ቤተሰቡ እዚህ የቀረነው በዚያ ምክንያት ነው።

ንጉሥ ሚካኤልን አባ ሻንቆ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መቻል፣ ተፈሪን አባ ጠቅል እያልን የምንጠራው በፈረሶቻቸው ስም ነው። የቅድመ አያቴን ፈረስ ስም ግን እማማም አታውቀውም ነበር። መልኩ ዳማ እንደነበር ብቻ ነግራናለች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ስለ ሰገሌ ስትጽፉ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው እዚያ የዋሉ አንባቢዎች የሰሙትን እንዲልኩላችሁ ጥሪ አድርጉ። ከወሎም ከሸዋም። ታሪኩን የሰሙት አዛውንቶች እያለቁብን ነው። እማማም አርፋለች።

አክባሪያችሁ
ከሰንዳፋ