የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ፖስተር ስህተት ነው

ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ክበባችን በወላጆች ቀን ያቀረበው፣ እስከ ዛሬም ላብራቶሪው በር አጠገብ የተሰቀለው ፖስተር ስህተት ነው። አይቼ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።

ዓመቱን ሙሉ የያዝነው ጥያቄ አንድ ነበር። ባክቴሪያ ሲዋኝ ዙሪያውን ያለውን ውሃ ያንቀሳቅሳል። የተንቀሳቀሰው ውሃ ደግሞ ጎረቤቱን ይነካል። ታዲያ ሳይነካኩ፣ በውሃው በኩል ብቻ፣ ምን ያህል ይገፋፋሉ? ይህን በኮምፒውተር ሠርተን ለማየት ጥቅምት ላይ 23 ሆነን ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ 9 ቀረን። የቀሩት ሚኒ ሚዲያ ገቡ። እዚያ ማይክ አለ፣ አልፈርድባቸውም።

የመጀመሪያው ወር ያለቀው፣ የእኛ ውሃ ለባክቴሪያ ሌላ ነገር መሆኑን በመቀበል ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። በሰከንድ 20 ወይም 30 ማይክሮሜትር ይሄዳል። ይህን ያህል ሲታነስ ኢነርሺያ፣ ማለትም የሚሄድ ነገር ገፊው ቢቆምም መሄዱን የመቀጠል ባሕርይ፣ ዋጋ የለውም። ሁሉን የሚወስነው የፈሳሹ መዝለግለግ ነው። ባለታክሲ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ባክቴሪያ ግን ጅራቱን ማሽከርከር ካቆመ እዚያው ቀጥ ነው። ኤድዋርድ ፐርሴል የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ አስልቶታል፤ ካቆመ በኋላ የሚንሸራተተው ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ነው።

በቃል ብቻ ብናገር ማንም አያምነኝም ብዬ ስኳር አፈላን። ሲቀዘቅዝ እንደ ማር የሚጎተት ሽሮፕ ወጣው። ከዚያ ሁለት መጫወቻ ዋናተኞች ሠራን፤ ሁለቱም በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚንቀሳቀሱ። አንዱ ጠፍጣፋ ጅራቱን እንደ ዓሣ ግራ ቀኝ ያወዛውዛል። ሌላው እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ያሽከረክራል። ውሃ ባለበት ባልዲ ዓሣው ቀድሞ ሄደ። ሽሮፑ ውስጥ ግን ዓሣው እዚያው ቆሞ ይንዘፈዘፋል፣ ሽቦው ቀስ እያለ ይሄዳል። ዓሣው ግራ ሲመታ ያገኘውን ቀኝ ሲመታ ይመልሰዋል። ሽቦው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞር የሚመልሰው ነገር የለም። ባክቴሪያም ጅራቱን የሚያሽከረክር እንጂ የሚያወዛውዝ እንዳልሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ልጆቹ ስልካቸውን ሳይነኩ ቆመው አዩ። ሰኞ ስንመለስ ሽሮፑን ጉንዳን ወርሶታል።

እውነተኛ ባክቴሪያ ለማየት የከብት ድርቆሽ ዘፍዝፈን በማይክሮስኮፕ ያየነውን አላስረዝምም። ሽታውን ከላብራቶሪው አጠገብ ያለው ክፍል ያስታውሰዋል።

ወደ ሞዴሉ ልለፍ። አንድን ባክቴሪያ ከነዝርዝሩ መሣል አያስፈልግም። ጅራቱ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል። አካሉ ደግሞ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱ ግፊቶች እኩል ናቸው። ስለዚህ ባክቴሪያውን አውጥተን በቦታው ጀርባና ጀርባ የሆኑ ሁለት ቀስቶች አስቀመጥን። እነዚህ ቀስቶች ውሃውን ከፊትና ከኋላ ያስወጣሉ፣ ከጎን ይስባሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ሩብ ይሆናል። 50 ባክቴሪያ ካለ እያንዳንዱ የ49ኙ ውሃ ይደርሰዋል፤ በእያንዳንዷ እርምጃ 2450 ስሌት ማለት ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍነው። ላፕቶፑ አንድ ነው፣ የእኔ፣ ባትሪው የሞተ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ባክቴሪያዎች በጣም ሲቀራረቡ ስሌቱ ያብድና አንዱ ከስክሪኑ ተወርውሮ ይወጣ ነበር። ከተወሰነ ርቀት በታች እንዳይጠጋጉ አደረግንና ተረጋጋ። ጥር ላይ የሚያምር ነገር መጣ። ጎን ለጎን ያሉት ይሸሻሻሉ፣ ፊትና ኋላ ያሉት ይሳሳባሉ። ፖስተር አድርገን አተምነው፣ ለወላጆች አስረዳን፣ ተጨበጨበልን።

መጋቢት ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጣች። ፓይተን ገና ስላልለመደች ቀስቶቹን በካሬ ደብተር ላይ በእጇ ትሥላቸው ነበር። «ቲቸር፣ የኔ ተሳስቷል መሰለኝ» አለችኝ። በእሷ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያሉት ይቀራረባሉ። «ምልክቱን ደግመሽ እዪው» ብዬ መለስኳት። በሚቀጥለው ዓርብ ያንኑ ይዛ መጣች። ያኔ ነው ኮዱን አብረን ያየነው። አንዲት የመቀነስ ምልክት! ባክቴሪያችን ከኋላ የሚገፋ መሆኑ ቀርቶ ከፊት የሚስብ ሆኖ ነበር። እንዲህ የሚዋኝ ፍጡር በእርግጥ አለ፤ ክላሚዶሞናስ የሚባል አልጌ፣ በሁለት ጅራቶቹ ፊት ለፊቱ እየቀዘፈ የሚሄድ። ሁለት ወር ሙሉ ሳናውቀው አልጌ ስናጠና ከርመናል።

ምልክቱን ካስተካከልን በኋላ የመጣው ግን ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር ነው። ሁለት ባክቴሪያዎች 10 ማይክሮሜትር ተራርቀው ጎን ለጎን ቢሄዱ፣ አንዱ ሌላውን የሚስበው በሰከንድ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። የራሳቸው ፍጥነት ግን 22 ነው። በዚያ ላይ ባክቴሪያ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይወላገዳል፣ በየሰከንዱ ገደማም ተገለባብጦ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህን ስንጨምርበት መሳሳቡ ከስክሪኑ ጠፋ። «እና ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ለምንም ነው?» ብሎ አንዱ አኮረፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ኢ. ኮላይ ዙሪያ ያለውን ፍሰት በቀጥታ ለክተው ያሳተሙት ይህንኑ ነው ስለው ፊቱ ፈታ አለ። ከጥቂት ማይክሮሜትር ካለፈ የውሃው ግፊት በመወላገዱ ይዋጣል። እኛ ለቀስቶቹ የተጠቀምንበት ጉልበትም፣ 0.4 ፒኮኒውተን (የኒውተን ትሪሊዮንኛ) ገደማ፣ የእነሱ ልኬት ነው።

ሲታጨቁ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጥቅጥቅ ባለ የባክቴሪያ ጠብታ ውስጥ ከአንዱ ባክቴሪያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ አዙሪቶች ይታያሉ። እኛም 400 አድርገን ላፕቶፑን አንድ ሌሊት ቤቴ አሠራሁት። ጠዋት ጅረት የመሰለ ነገር አየን። በእርግጥ ጅረት ነው ወይስ ዓይናችን ፈልጎ ያየው? አልፈርድም። አንድ ፖስተር ይበቃኛል።

ፖስተሩን ላወርደው ስል የ9ኛ ክፍሏ ልጅ አስቆመችኝ። ቀስቶቹን አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ገልብጣቸዋለች፣ አሁንም እየገለበጠች ነው። ትልልቆቹ ወደ ብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ስለሚሄዱ በሚቀጥለው ዓመት ክበቡን የምትመራው እሷ ናት። ኮዱ ያለበት ፍላሽ ላብራቶሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። አዲስ የምትመዘገቡ ካሬ ደብተር ይዛችሁ ኑ።