ለሩቅ ከተሞች የበረራ ሰዓት አንድ ቁጥር አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጦች የጉዞ ዓምድ ላይ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትና የበረራ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቁጥር ብቻ ይጻፋሉ። ለርቀቱ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ የበረራው ሰዓት ግን በአንድ ቁጥር ሲገለጽ አንባቢን ያሳስታል ብዬ ስለማምን ይህን አስተያየት ልኬያለሁ።

ርቀቱ የሚለካው በምድር ክብ ገጽ ላይ ባለው አጭሩ መንገድ ስለሆነ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከሚሰመረው ይለያል። ማድሪድና ኒውዮርክ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በእኩል ርቀት ላይ ያሉ ያህል ቢሆኑም፣ በመካከላቸው ያለው አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎብጦ የሚያልፍ ሲሆን ርዝመቱም 5,770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መስመር ከዚህ በ170 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ከለንደን እስከ ኒውዮርክ ያለው 5,570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለተለመደው የአውሮፕላን ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። የአየር መንገዶች መርሐ ግብር ግን ለመሄጃው ስምንት፣ ለመመለሻው ሰባት ሰዓት ያህል ይይዛል። ጥቂቱ ልዩነት በመሬት ላይ ከሚደረገው ጉዞ፣ ከመነሣትና ለማረፍ ዝቅ ከማለት የሚመጣ ነው፤ በመሄጃና በመመለሻ መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈጥረው ግን በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ነፋሱ እጅግ በበረታበት ሌሊት አንድ የመንገደኞች ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነሥቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ደርሷል። ብዙ ሰው ልዩነቱን ምድር ከአውሮፕላኑ ሥር ስለምትሽከረከር የመጣ አድርጎ ያስረዳል፤ አየሩ ራሱ ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር ይህ ትክክል አይደለም። የምድር መዞር የነፋሱን አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ያጥፈዋል እንጂ ከተሞቹን ወደ አውሮፕላኑ አያቀርባቸውም።

ሌላው ስሕተት በቲኬት ላይ የተጻፉትን የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች ከመቀናነስ ይመጣል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 11:00 ከለንደን የተነሣ መንገደኛ በኒውዮርክ ሰዓት 14:00 ሲደርስ በረራው ሦስት ሰዓት ብቻ የፈጀ ይመስላል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ያለው የአምስት ሰዓት ልዩነት ሲደመር ግን ስምንት ይሆናል። ማታ 20:00 ከኒውዮርክ ተነሥቶ ጠዋት 8:00 ለንደን ለሚደርሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚመስለው በረራ በእውነቱ ሰባት ነው።

ሰዓቱ በአየር ክልል መዘጋትም ይለወጣል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ ሲበረር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ መንገድ ለፊንላንድ አውሮፕላኖች ከተዘጋ ወዲህ ግን በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ሳይለወጥ በረራው ወደ አሥራ ሦስት ሰዓት ተጠግቷል።

ስለዚህ የጉዞ ዓምዳችሁ የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ለየብቻ እንዲያወጣ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነፋሱ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ስለሚበረታም ቁጥሩ የየትኛው ወርና ዓመት መርሐ ግብር እንደሆነ አብሮ እንዲጠቅስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ