ኮከቡ ሲመጣ አራቱ ለምን ይቆማሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቅርጫት ኳስ የጻፋችሁትን ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አነበብኩት። ጸሐፊው፣ ጎበዝ ተጫዋች ወደ ቡድን ሲገባ ማጥቃቱ በሙሉ በእሱ በኩል ይሁን ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ጎንደር ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሳሠለጥን 11 ዓመቴ ነው። እሳቸው ያሉትን አምና ሞክሬ አይቼዋለሁ።

አምና ከሌላ ከተማ አንድ ልጅ መጣልን። ረጅም ነው፣ ይፈጥናል፣ ከሩቅ ያገባል። እኛ ደግሞ ሦስት ዓመት የለፋንበት አጨዋወት ነበረን። ኳሷ ከእጅ እጅ ትዞራለች፤ ያቀበለ ሰው አይቆምም፣ ወደ ሪንጉ ይሮጣል። ልጁን ሳይ ልቤ ሸፈተ። «ኳሷን ለእሱ ስጡት» አልኩ።

እሱ ድሪብል ሲያደርግ፣ ማለትም ኳሷን እያነጠረ ሲሄድ፣ አራቱ ቆመው ያዩት ጀመር። አንድ ግራኝ ልጅ አለን፤ መሮጥ የማይሰለቸው። ያን ልጅ ሜዳው ጥግ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ አየሁት። ብዙ ቆይቶ ኳስ ሲደርሰው እጁ ቀዝቅዞ አመለጠችው። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ተመልካቹ አዲሱን ልጅ «ራስ ወዳድ» አለው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ልጁ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።

በአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ያሉት ትልልቅ ቡድኖችም ጋ ቀላል አይደለም። ማያሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌብሮን ጄምስንና ክሪስ ቦሽን ከድዌይን ዌድ ጋር ሲያገናኝ፣ ከመጀመሪያዎቹ 17 ጨዋታዎች 8ቱን ተሸንፏል። ቦሽ ቶሮንቶ በነበረበት የመጨረሻ ዓመት በጨዋታ በአማካይ 24 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ ማያሚ በገባበት ዓመት 18.7 ሆነ። ዋንጫው የመጣው በ2012 ነው። ጎልደን ስቴት በ2016 ኬቪን ዱራንትን ሲያመጣ ግን የለመደውን ቅብብል አልጣለም። ስቴፈን ከሪ ኳስ ሳይዝም መሮጡን አላቆመም፤ ተከላካይ ደግሞ እሱን ትቶ ዱራንት ላይ መረባረብ አይችልም። በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፉ ላይ ከ17 ጨዋታ 16ቱን አሸነፉ።

እኛም ከጥምቀት በኋላ ለሁለት ሳምንት ልምምድ ላይ ድሪብል ከለከልኩ። አዲሱ ልጅ ስክሪን መሥራት፣ ማለትም ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ መዝጋት፣ እንዲጀምር አደረግኩ። መጀመሪያ አኮረፈ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሊሾው በጤዛ እርጥብ ነበር፣ ለግራኙ ስክሪን ሠራለት። ግራኙን የሚጠብቀው ተከላካይ ከአዲሱ ልጅ ደረት ጋር ተጋጭቶ ቀረ። አዲሱን ልጅ የሚጠብቀውም ኮከቡን ለቅቆ መሄድ ፈርቶ አብሮ ቆመ። ግራኙ ብቻውን ገብቶ አስቆጠረ፤ ሲመለስ አዲሱን ልጅ ትከሻውን መታ አደረገው። እሱም ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፋሲል ከነማ ሲጫወት ማን አመቻችቶ እንዳቀበለ ትጽፋላችሁ። ለቅርጫት ኳስም እንደዚያው አድርጉልን፤ ነጥብ ያስቆጠረውን ብቻ ሳይሆን ስክሪን የሠራውንም ስሙን አንሱት። ልጆቼ ጋዜጣችሁን ተቀባብለው ነው የሚያነቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈር አሠልጣኝ፣ ከጎንደር